የቅንጦት ግራን ቱሪዝሞ መኪና በውድድር ሜዳ

ግራን ቱሪዝሞ፣ በአጭሩ ጂቲ የሚባለው የመኪና ዓይነት ሁለት ወይም አራት ሰው ከነሻንጣው ይዞ በአንድ ቀን ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በፍጥነትና ያለ ድካም እንዲያቋርጥ የተሠራ ነው። ሞተሩ ትልቅ፣ ወንበሩ ቆዳ፣ ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። የውድድር መኪና በተቃራኒው ለአንድ ሰውና ለአንድ ሥራ ብቻ ይሠራል፤ ከፍጥነት ጋር ያልተያያዘ ነገር ሁሉ ተነቅሎ ይወጣለታል። የሁለቱ ሞተር ብዙ ጊዜ በጉልበት ይቀራረባል። ሰፊው ልዩነት ክብደታቸው ላይ ነው፤ ባለ ጂቲ መኪናውን ይዞ ወደ ውድድር ሜዳ ሲገባ የሚገጥመው ችግር አብዛኛው የሚመነጨውም ከዚሁ ነው።

ይህ ክፍተት መጀመሪያ ላይ እንዲህ ሰፊ አልነበረም። አልፋ ሮሜዮ እ.ኤ.አ. በ1930 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ግራን ቱሪዝሞ የሚል ስም የለጠፈበት 6ሲ 1750 ለመንገድም ለውድድርም የሚሆን መኪና ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ላንቻ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮም ደርሶ በሚመለሰው ሚሌ ሚሊያ፣ ማለትም 1,600 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው የአደባባይ መንገድ ውድድር፣ ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ሞተር ለነበረው ፌራሪ ብቻ ተሸንፎ ሁለተኛ ወጣ። ያኔ አንድ ሀብታም ሰው በሳምንቱ ቀናት ሲነዳው የሰነበተውን መኪና እሑድ ቁጥር ለጥፎበት መወዳደር ይችል ነበር።

የእንግሊዙ ቤንትሌይ ታሪክ ትንሽ ለየት ይላል፤ ከመነሻው ከባድ መኪና ነበርና። ኩባንያው በ1919 ተመሥርቶ በፈረንሳይ የሚካሄደውን የለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር በ1924፣ ከዚያም ከ1927 እስከ 1930 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። ቀላልና ቀጭን መኪና ይሠራ የነበረው ኤቶሬ ቡጋቲ የቤንትሌይን መኪኖች በዓለም ፈጣኖቹ የጭነት መኪኖች ናቸው ብሎ ቀልዶባቸዋል ይባላል። ቀልዱ ቅናት ቢኖርበትም ስለ ክብደቱ ግን አልተሳሳተም።

የቅርብ ዘመኑ ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2018 ለገበያ የቀረበው ሦስተኛው ትውልድ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 6 ሊትርና ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር አለው። ጉልበቱ 635 የፈረስ ጉልበት፣ የመጨረሻ ፍጥነቱ በሰዓት 333 ኪሎ ሜትር፣ ክብደቱ 2,244 ኪሎ ግራም ነው። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 3.7 ሰከንድ ይበቃዋል። ስለዚህ መፍጠን አያቅተውም። ፈተናው የሚመጣው ከቀጥታው መንገድ መጨረሻ፣ ኩርባው ሲቀርብና ፍሬን ሲረገጥ ነው።

በስሌት እንየው። መኪናው ከነሹፌሩ 2,300 ኪሎ ግራም ይመዝናል እንበል። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር እየበረረ መጥቶ ለኩርባው ወደ 100 ሲወርድ፣ የሚያጣው የእንቅስቃሴ ኃይል 4.7 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ኃይል አይጠፋም፤ ሸራው ከዲስኩ ጋር ሲፋተግ አብዛኛው ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ 15 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል፤ ያውም ውኃ 92 ዲግሪ አካባቢ በሚፈላበት በደብረ ማርቆስ ከፍታ ላይ። ጎማው አጥብቆ መንገዱን ከያዘ ይህ ሁሉ የሚሆነው በአራት አምስት ሰከንድ ውስጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ፍሬኑ የሚሠራው ሥራ ከሞተሩ ሙሉ ጉልበት እጥፍ ይበልጣል። የመኪና ሻጮች ስለ ሞተር ጉልበት ሲያወሩ ውለው ቢያድሩም በውድድር ሜዳ ላይ ቀድሞ እጁን የሚሰጠው ፍሬን ነው።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ከጉንደ ወይን ተነሥቶ በብቸና በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ደጀን ላይ የዓባይን በረሃ መውረድ አለበት። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ 1,400 ሜትር ገደማ ሲሆን መንገዱ እየተጠማዘዘ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከላይ የተጠቀሰው መኪና ይህን ሁሉ ሲወርድ የሚያራግፈው ኃይል 32 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል፤ ማለትም በውድድር ሜዳ ላይ ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ አጥብቆ ፍሬን ከመያዝ ጋር እኩል ነው። በዓባይ በረሃ ግን ቁልቁለቱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ሹፌሩም በከባድ ማርሽ ስለሚወርድ ሸክሙን ሞተሩ ይጋራዋል። በውድድር ሜዳ ላይ ስድስት ሰባቱ ፍሬን በአንድ ዙር፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል። ቀጣዩ ዙር ደግሞ ወዲያው ይከተላል፤ የዓባይ ቁልቁለት ግርጌው ላይ ያበቃል፣ የውድድር ሜዳ ግን ግርጌ የለውም።

ሙቀቱ ከመጠን ሲያልፍ ፍሬኑ በሁለት መንገድ ይከዳል። አንደኛው የሸራው ነው። ለከተማ የተሠራ ሸራ በጣም ሲግል ዲስኩን የመያዝ አቅሙን ያጣል፤ ፔዳሉ እንደወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልቆም ይላል። ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስፈራው የፍሬን ዘይት መፍላት ነው። ዶት 4 የሚባለው የተለመደ ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይችላል። ሆኖም ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ደረጃው የሚጠይቀው 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ዘይት አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ስለዚህ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ወደ ውድድር ሜዳ የሚሄድ ባለ መኪና ከሁሉ አስቀድሞ የፍሬን ዘይት የሚያስቀይረው። ወጪው ከሌላው ዝግጅት ሁሉ ትንሹ፣ ጥቅሙ ግን ትልቁ ነው። በነፋስ የሚሠራ ፍሬን ያላቸው የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ይህ ሁለተኛው ችግር የለባቸውም፤ የመጀመሪያው ግን አላቸው፤ በረሃ ላይ የሚሸተው የተቃጠለ ሸራም እርሱ ነው።

ፋብሪካዎች ለዚህ የሰጡት መልስ ትልልቅ ዲስክ ነው። ቤንትሌይ በ2009 ባወጣው ሱፐርስፖርትስ በተባለ መኪና ላይ የፊት ዲስኩ 420 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ከካርቦንና ሴራሚክ የተሠራ ነበር። እንዲህ ያለው ዲስክ ከብረት ይቀላል፣ እጅግ ከፍተኛ ሙቀትም ይችላል፤ ዋጋው ግን ራሱን የቻለ መኪና ይገዛል።

ከፍሬን ቀጥሎ የሚደክመው ጎማ ነው። በኩርባ ላይ ክብደቱ ወደ ውጭ ስለሚጋደል አብዛኛው ሸክም በውጭኛው የፊት ጎማ ጠርዝ ላይ ይወድቃል፤ ለረጅም መንገድ ምቾት የተሠራ ለስላሳ ጎማ በጥቂት ዙር ውስጥ ጠርዙ ይፋቃል። በውስጡ ያለው ንፋስም ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጥቂት ዙር ከተነዳ በኋላ ይለካና ይቀነሳል፣ ወደ ቤት ከመመለስ በፊት ደግሞ ተመልሶ ይሞላል። ይህን ረስቶ በጎደለ ጎማ ወደ አውራ ጎዳና የሚወጣ ጥቂት አይደለም። የአካሉን መጋደል ለመቀነስ የሦስተኛው ትውልድ ኮንቲኔንታል ባለ 48 ቮልት ኤሌክትሪክ ሞተር በተገጠመላቸው ዘንጎች ይጠቀማል፤ መኪናው ሲታጠፍ ዘንጎቹ በተቃራኒው ይገፉታል። መሣሪያው መጋደሉን ያስቀራል፤ ጎማው ላይ የሚያርፈውን ክብደት ግን አንድ ኪሎ እንኳ አይቀንስም።

ሞተሩስ? በሞቃት ቀን ያለ እረፍት ሲነዳ የሞተሩና የካምቢዮው ዘይት ይግላል፤ ዘመናዊ መኪና ይህን ሲያውቅ ራሱን ለመጠበቅ በኮምፒዩተር ጉልበቱን ይቀንሳል። በከፍታ ቦታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ አየሩ ይሳሳል። በ2,400 ሜትር ከፍታ፣ ማለትም በደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል በአምስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ቱርቦ ያለው ሞተር አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን አብዛኛውን ይሸፍናል፤ ቱርቦው ግን በይበልጥ ፍጥነት መሽከርከርና ይበልጥ መሞቅ ይኖርበታል። የሳሳ አየር ራዲያተሩንም ዲስኩንም እንደ ቆላ አየር አያቀዘቅዝም። በጆሃንስበርግ አቅራቢያ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የካያላሚ ሜዳ በዚህ ባሕርዩ ይታወቃል።

ከፍታን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው ግን ከ1916 ጀምሮ በአሜሪካ ኮሎራዶ የሚካሄደው የፓይክስ ፒክ የተራራ ሽቅብ ውድድር ነው። መንገዱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 156 ኩርባ አለው፤ ከ2,862 ሜትር ተነሥቶ 4,302 ሜትር ላይ ያበቃል። ርዝመቱንና የከፍታ ልዩነቱን ላየ ሰው ከዓባይ ድልድይ ወደ አፋፉ የሚወስደውን አቀበት አንሥቶ ተራራ ላይ ያስቀመጡት ይመስላል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2019 ሪስ ሚለን የተባለ ተወዳዳሪ በኮንቲኔንታል ጂቲ ይህን መንገድ በ10 ደቂቃ ከ18.488 ሰከንድ ወጥቶ በወቅቱ በፋብሪካ መኪኖች ምድብ ክብረ ወሰን ያዘ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። ከባዱ መኪና እንዴት ቻለ? ቱርቦው የሳሳውን አየር ተቋቋመ፤ በአራቱም ጎማ የሚሄድ ስለሆነ ከየኩርባው ሳይንሸራተት ወጣ፤ ዋናው ግን ጉዞው ሽቅብ መሆኑ ነው። አቀበቱ ራሱ መኪናውን ስለሚያዘገየው የፍሬን ሸክም ይቀላል። ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያው ተራራ ወገብ ላይ ግሌን ኮቭ በተባለ ቦታ ጠባቂዎች የሚወርደውን የጎብኚ መኪና ሁሉ አስቁመው የፍሬኑን ሙቀት ይለካሉ፤ የጋለበትም እስኪበርድለት ድረስ ይቆያል።

በአውሮፓ ለተራ ባለ መኪና በጣም የታወቀው ሜዳ በጀርመን የሚገኘው ኑርቡርግሪንግ ነው። በ1927 የተከፈተውና 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ሰሜናዊ ዙሩ በተወሰኑ ቀናት ለማንም ከፋይ ክፍት ነው። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች በውድድር ሜዳ ላይ የደረሰ ጉዳትን ስለማይሸፍኑ ውሉን ሳያነብ የሚገባ ሰው ከባድ ዕዳ ይዞ ሊወጣ ይችላል። አነዳዱም የራሱ ሥርዓት አለው፦ የመጀመሪያው ዙር ጎማና ዘይት ማሞቂያ ነው፤ ከዚያ ለሁለት ቶን መኪና ሦስት አራት ፈጣን ዙር ይበቃል፤ የመጨረሻው ዙር ፍሬን ሳይበዛ በዝግታ የሚነዳ ማብረጃ ነው። ሲቆም የእጅ ፍሬን አይያዝም፤ የጋለ ሸራ ከጋለ ዲስክ ጋር ተጣብቆ ሲቀዘቅዝ ዲስኩን ያበላሸዋልና።

ፋብሪካው ራሱ ሊወዳደር ሲነሣ ያደረገውን ማየት የክብደትን ጉዳይ ይበልጥ ያጎላል። ቤንትሌይ ከኮንቲኔንታል ጂቲ የውድድር መኪና ሲሠራ ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ እንጨቱን፣ የድምፅ መከላከያውን ሁሉ አውጥቶ፣ የአራቱን ጎማ ጉልበት ወደ ኋላ ሁለቱ ብቻ መልሶ፣ ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ አራገፈ። ጂቲ3 ተብሎ በ2013 የቀረበው ይህ መኪና ከ1,300 ኪሎ ግራም በታች ነበር። በዚያው ፍጥነት በየኩርባው ፍሬኑ የሚቀበለው ሙቀት በሁለት አምስተኛ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። ተከታዩ ትውልድ ጂቲ3 በ2020 የአውስትራሊያውን የባተርስት የ12 ሰዓት ውድድር አሸነፈ። ከቅንጦቱ የቀረለት ግን ቅርጹና ስሙ ብቻ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና የሚፈተንበት ቋሚ የውድድር ሜዳ የለም፤ ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ወደፊት በዓባይ በረሃ የሚያልፍ አዲስ የቅንጦት ጂቲ ቢኖር ኤሌክትሪክ ነው የሚሆነው። ኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስምና ከፍታ ጉልበቱን አይነካውም፤ የፓይክስ ፒክን አጠቃላይ ክብረ ወሰን በ2018 በ7 ደቂቃ ከ57.148 ሰከንድ የሰበረው ቮልስዋገን አይ.ዲ. አርም ኤሌክትሪክ ነው። እርሱ ግን ከ1,100 ኪሎ ግራም በታች የሆነ ንጹሕ የውድድር መኪና ነበር። በ2019 የወጣው ፖርሽ ታይካን ባትሪው ስለሚከብድ እንደ ቤንትሌዩ 2,300 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል።

ይህ የ2019 ታይካን ሲያዘገም ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ እስከ 265 ኪሎ ዋት ድረስ ወደ ባትሪ ይመልሳል። በውድድር ሜዳ ላይ አጥብቆ ፍሬን ሲያዝ የሚፈልቀው ኃይል አንድ ሺህ ኪሎ ዋት ስለሚደርስ ሦስት አራተኛው ያህል አሁንም በዲስክና በሸራ ላይ ይቀራል። ከደጀን ወደ ድልድዩ በግማሽ ሰዓት ሲወረድ ግን በአማካይ ከ20 ኪሎ ዋት አይበልጥም፤ ሞተሩ ሁሉንም መቀበል ስለሚችል ሹፌሩ ሸራውን ሳይነካ ግርጌው ሊደርስ ይችላል። ደጀን ላይ ባትሪውን ጢም አድርጎ ሞልቶ የተነሣ ሹፌር ከሆነ ግን የሚመለሰው ኃይል ማረፊያ ስለሌለው እንደማንኛውም መኪና በፍሬኑ ይወርዳል።