ሞዴል 22 ላይ የፈረምኩት

ቤተ መጻሕፍቱን የተረከብኩት ንብረት በሚረከቡበት ወረቀት ነው። መጽሐፍ በሞዴል 19 ግምጃ ቤት ይገባል፤ በሞዴል 22 ይወጣና በባለሙያው ስም ይመዘገባል። እኔም ፈረምኩ። ከዚያች ቀን ጀምሮ መደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ፣ ልብ ወለዱም መዝገበ ቃላቱም፣ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ በእጄ ያለ ንብረት ነው። አንዱ ቢጠፋ እጠየቅበታለሁ። አንዱ መጽሐፍ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዞር ኖሮ ገጹ ቢያልቅ ግን ያንን የሚያስመዘግብ ቦታ በቅጹ ላይ የለም።

የምሠራባት አጣዬ ከአዲስ አበባ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ ያለች ቆላማ ከተማ ናት። ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ተማሪዎች ወደ ቤተ መጻሕፍት የሚመጡት መጀመሪያ ለጥላው ነው። አልቆጣቸውም። ለጥላ ከመጡት መካከል በየሳምንቱ አንድ ሁለቱ ከመደርደሪያው ፊት ቆመው አገኛቸዋለሁ፤ የእኔ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ቀን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ፍቅር እስከ መቃብር የለም እንዴ?» አለኝ። ነበር። ልጁ ግን ካርዱን በደራሲው ስም የፈለገው በ«ሀ» ሥር ነው፤ ካርዱ ያለው በ«ሐ» ሥር። የደራሲውን ስም አንዱ «ሐዲስ»፣ አንዱ «ሀዲስ»፣ ሌላው «ሃዲስ» ብሎ ይጽፈዋል። ጆሮ አይለያቸውም፤ ካርድ ግን ይለያቸዋል። ስለዚህ ለአንድ ደራሲ ሦስት ካርድ አዘጋጃለሁ፤ ሁለቱ ወደ ሦስተኛው ይመራሉ። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ»፣ «ጸ» እና «ፀ» ያለበት ስም ሁሉ እንዲሁ ነው። ይህን ሳልጨርስ ያሳለፍኩት ክረምት የለም።

የመለያ ቁጥሩም የራሱ ጣጣ አለው። በዲዊ አመዳደብ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ከ820 እስከ 829 ያለውን ሰፊ ቦታ ይዟል፤ የአማርኛው ደግሞ 892.87 ላይ፣ ከነጥብ በኋላ ተጨናንቆ ተቀምጧል። ለባዕድ አገር ቤተ መጻሕፍት ይህ ላያስቸግር ይችላል። እኛ ዘንድ ግን ከሁሉ በላይ የሚነበበው ክፍል በአንድ ቁጥር ላይ ይከመራል። በደራሲ ስም ፊደል እየከፋፈልኩ ደረደርኩት። የሰው ስምም እንዲሁ ነው፤ ከውጭ የመጡ የምዝገባ ፕሮግራሞች የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ወስደው ያስቀድሙታል። እንደዚያ ቢመዘገብ ጌታቸው ኃይለን የሚፈልግ አንባቢ «ኃይለ» ላይ መሄድ ሊኖርበት ነው። ማን እንደዚያ ብሎ ይፈልጋቸዋል?

ስማቸውን ካነሳሁ ላይቀር፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይለ የዚሁ የሸዋ ሰው ነበሩ፤ የሸንኮራ ተወላጅ። በደርግ ጊዜ በጥይት ተመትተው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ከዋሉ በኋላ፣ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ተቀምጠው በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩና ሲመዘግቡ ኖሩ። ስብስቡ ከ9,000 በላይ ነው። ይህ መጽሐፍ ምን ይዟል፣ ማን ጻፈው፣ በማን ዘመን ተጻፈ፣ የየትኛው ደብር ነው ብሎ አንድ በአንድ መጻፍ እንደ እኔ ላለ ሰው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ነበር፤ አገሩ ተመልሶ ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲከፍት በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን ከዓመቱ ጀግኖች አንዱ አድርጎ መረጠው። የሁለቱንም ዜና ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬያለሁ። ሁለቱም ምስክርነቶች ከባሕር ማዶ የመጡ መሆናቸው ግን ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

እዚህ ቅርብ ያለውን ልናገር። መምህር የሚወጣበት መሰላል አለው፤ ከጀማሪ መምህር ተነስቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህር አድርጎ መሪ መምህር እስከመባል ይደርሳል። እያንዳንዱን እርከን ሲወጣም በክፍል ውስጥ እያስተማረ ነው። በቤተ መጻሕፍት ሥራ የማውቃቸው ጎበዞች ግን ደረጃ ያገኙት ቤተ መጻሕፍቱን ትተው ነው፤ አንዱ ሰው ሀብት ገባ፣ አንዷ ግዥ ገባች። ይበልጥ የሚያመኝ ደግሞ ወንበሩ ባዶ ሲሆን የሚቀመጥበት ሰው ነው። ጤናው ታውኮ ማስተማር ያቃተው መምህር «ላይብረሪ ይረፍ» ተብሎ ሲመደብ አይቻለሁ። ለታመመ ሰው ማዘን ተገቢ ነው። ግን ሥራው የእረፍት ቦታ ከተባለ፣ ሙያ ነው ብሎ የሚያምን ከየት ይመጣል?

ስለ ግምገማዬም ልናገር። በአንድ ዓመት ብዙ አዋስኩ፤ ልጆቹ መጽሐፍ ይዘው ወደ ቀበሌያቸው፣ ማሾና ማሽላ ወደሚለቀምበት ማሳ ሳይቀር ሄዱ። በቆጠራ 11 መጻሕፍት ጎደሉ። በግምገማው ቀን የተነሳው ይኸው 11 ብቻ ነበር። ስንት ልጅ ተዋሰ፣ ስንት ጊዜ ተመላለሰ የሚለውን መዝገብ ይዤ ገብቼ ነበር፤ ማንም አልጠየቀኝም። በዚያው ዓመት ሌላ ቦታ የሚሠራ ጓደኛዬ መጻሕፍቱን በቁም ሳጥን ቆልፎ አንድም ሳያጎድል ተመሰገነ። አልፈርድበትም፤ ደመወዙ የልጆቹ ቀለብ ነው። እንዲህ የሚመዘን ባለሙያ ግን ቁልፍ ያዥ መሆንን ይማራል። እኔም ሁለት ሴሚስተር ያህል ተማርኩት። ያን ጊዜ መጽሐፍ ለመጠየቅ መጥተው በሩ ላይ የመለስኳቸውን ልጆች ዛሬ መንገድ ላይ ሳገኛቸው አፍራለሁ።

እኔ የምፈልገው በዓመት አንድ ጊዜ በአዳራሽ የሚሰጥ የምስክር ወረቀት አይደለም። በየዓመቱ በማንበብ ብዛት የሚያልቅና የሚጠፋ መጽሐፍ እንደሚኖር አውቆ ለዚያ ልክ የሚያበጅ መመሪያ ይውጣ። የሚገመግመኝ ሰው ካርድ ከካርድ የሚለይ፣ መደርደሪያ አይቶ የሚፈርድ የሙያ ሰው ይሁን። ከሥራዬ ሳልነሳ የምወጣበት እርከን ይኑር። ሌላው በእኛው እጅ ያለ ነው። ጀርባው የተላቀቀ መጽሐፍ በክርና በኮላ እንዴት እንደሚጠገን ያስተማረችኝ ሸዋ ሮቢት የምትሠራ ባልደረባዬ ናት፤ ያውም በስልክ። እሷን ባላገኝ ስንቱን መጽሐፍ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብዬ ባስወገድኩ ነበር። በዚህ መንገድ ዳር ከደብረ ሲና እስከ ከሚሴ ያለነው ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን ብንገናኝ የትራንስፖርቱን ከኪሴ እከፍላለሁ።

ሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከተማችን ስትቃጠል እኔም እንደ ሰዉ ሁሉ ሸሸሁ። ተመልሼ ስገባ መደርደሪያው ወድቆ፣ ካርዶቹ ከመሳቢያ ወጥተው ተበትነው ነበር፤ ለየፊደሉ የለፋሁበት ሁሉ ከአመድ ጋር ተቀላቅሏል። በሳጥን ቆልፌ ያስቀመጥኳቸው፣ ውድ ናቸው ብዬ ለማንም ያልሰጠኋቸው መጻሕፍት አንዱም አልተረፈም።

ከወራት በኋላ አንድ ልጅ ከነእናቱ ከደብረ ብርሃን ተመለሰ። ቤታቸው ተቃጥሏል። ልጁ በፌስታል የጠቀለለውን አወጣና፣ «ጋሼ፣ ስንሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ ቀኑ አልፎብኛል፣ ቅጣት አለው?» አለኝ። ፍቅር እስከ መቃብር ነበር፤ ሽፋኑ በዝናብ አብጧል፣ ከውስጡ ግን አንድም ገጽ አልጎደለም። በኋላም ሌሎች መጡ፤ በማዳበሪያ ከረጢት፣ በነጠላ ጫፍ፣ በእቅፍ። ቤተ መጻሕፍታችን እንደገና የተጀመረው በተዋሱት ነው።

መጽሐፉን ከልጁ ተቀብዬ የኋላ ሽፋኑን ገለጥኩ። የውሰት ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው። «የተመለሰበት ቀን» በሚለው ዓምድ ላይ የዕለቱን ቀን ጻፍኩና ፈረምኩ።