የመዘዞ ድቡልቡል ድንጋዮችና የጥንት ባሕር እንስሳት፦ ቅሪተ አካል የሚለየው በምንድን ነው?

በማኅበራዊ መገናኛዎች ስለ ጥንት የባሕር እንስሳት የሚሠራጩ የሤራ ትረካዎች ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከእውነተኛ ነገር ነው፤ ከጥርስ፣ ከዛጎል ወይም ከድንጋይ። ስሕተቱ የሚገባው በአተረጓጎሙ ላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የአንድን ግኝት ምንነት ለማወቅ ከቅርጹና ከማዕድኑ ይልቅ የተገኘበት አለት ወሳኝ መሆኑን የመዘዞን ኦፓል በማነጻጸሪያነት ወስዶ ያስረዳል።

ሜጋሎዶን የተባለው ግዙፍ ሻርክ ከ3.6 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጠፍቷል። ሆኖም ዲስከቨሪ ቻናል እ.ኤ.አ. በ2013 ተዋንያንን በሳይንቲስትነት ያቀረበበት ፊልም፣ ዓሣው ዛሬም በሕይወት አለ ለሚለው ወሬ ጉልበት ሰጥቶታል። በማስረጃነት ከሚጠቀሱት መካከል ቻሌንጀር የተሰኘችው የብሪታንያ የምርምር መርከብ በ1870ዎቹ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ወለል ያወጣቻቸው ጥርሶች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ጥርሶቹን የለበጠው የማንጋኒዝ ውፍረት ተለክቶ ዕድሜያቸው 11,000 እና 24,000 ዓመት ገደማ ተብሎ ተገመተ። ነገር ግን ማንጋኒዝ የሚከማችበት ፍጥነት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ደግሞም ልባሱ የሚጀምረው ጥርሱ ከደለል ወጥቶ ከተጋለጠ በኋላ ሊሆን ይችላል። የልባሱ ዕድሜ የእንስሳው ዕድሜ አይደለም።

በሰሜን ሸዋም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ በመዘዞ ስም ለዓለም ገበያ የቀረበው ኦፓል የሚገኘው በድቡልቡል ድንጋዮች ውስጥ ነው። የእነዚህ ድንጋዮች ፎቶግራፍ ያለ ማብራሪያ ቢሠራጭ የባሕር አውሬ ዕንቁላል ለማለት የተመቸ ነው። ትረካውን የሚደግፍ የሚመስል እውነትም አለ፤ በደቡብ አውስትራሊያ ኩበር ፒዲ አጥንታቸው በኦፓል የተተካ የባሕር ተሳቢ እንስሳት ተገኝተዋል።

ልዩነቱ ያለው በአለቱ ላይ ነው። የአውስትራሊያዎቹ እንስሳት ከ100 ሚሊዮን ዓመታት በፊት በባሕር ጭቃ ተቀበሩ፤ ኋላም ሲሊካ ያዘለ ውኃ አጥንቱ በነበረበት ቦታ ኦፓል አስቀመጠ። በመዘዞ ግን ኦፓሉ የሞላው በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ የነበሩ ክፍተቶችን ነው። ሲሊካ ክፍተቱን ይሞላል እንጂ ክፍተቱን ማን እንደ ተወው አይናገርም።

ይህ ሲባል አገሩ ባሕር አያውቅም ማለት አይደለም። በጁራሲክ ዘመን የአፍሪካን ቀንድ ሰፊ ክፍል የሸፈነው ባሕር የተወው የኖራ ድንጋይ ዛሬም በዓባይ ሸለቆ ዛጎሎችን ይዞ ይታያል። ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ ወዲህ የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ግን በላዩ ተደርቧል፤ የመዘዞ ከፍታም የዚህ ክምር አካል ነው። በክምሩ መካከልም ቅሪተ አካል አይጠፋም። በዚያው በሰሜን ሸዋ፣ በሙሽ ሸለቆ፣ 21.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ ቅጠሎች በጥንታዊ ሐይቅ ደለል ውስጥ ተጠብቀው ተገኝተዋል።

ስለሆነም አንድ ድንጋይ ቅሪተ አካል ነው ሲባል ቀዳሚው ጥያቄ «ምን ይመስላል?» ሳይሆን «ከየትኛው አለት ወጣ?» የሚለው ሊሆን ይገባል። ድንጋዩ ቦታው ሳይመዘገብ ሲነሣ ለሳይንሱም ሆነ ወሬውን ለማስተባበል የሚያገለግለው ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።