መስታወት የጣትን ንክኪ እንዴት ለየ?

ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ሊሞክረው የሚችል ነገር አለ። ስክሪኑን በፕላስቲክ እስክሪብቶ ክዳን ቢነኩት ንቅንቅ አይልም። ወፍራም የሱፍ ጓንት አጥልቀው ቢነኩትም ያው ነው። በባዶ ጣት ገና ዳበስ ሲያደርጉት ግን ወዲያው ይታዘዛል። በአንጻሩ በአንዳንድ ሱፐርማርኬቶችና ምግብ ቤቶች ያሉ የቆዩ የሒሳብ ማሽኖች በክዳንም፣ በጥፍርም፣ በጓንትም ቢጫኗቸው ይሠራሉ። ሁለቱም የንክኪ ስክሪኖች ናቸው። ታዲያ አንደኛው ጣትን ሲመርጥ ሌላው የመጣውን ሁሉ የሚቀበለው ለምንድን ነው? መልሱ የተጀመረው በ1960ዎቹ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በእንግሊዝ ማልቨርን ከተማ በሚገኘው የራዳር ምርምር ተቋም ኢ. ኤ. ጆንሰን የተባለ ተመራማሪ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ሥራ ያሳስበው ነበር። ተቆጣጣሪው ሰማዩን እየተከታተለ የአውሮፕላኖቹን መለያ በኪቦርድ ለኮምፒውተሩ መጻፍ ይጠበቅበታል። አውሮፕላኖቹ በበዙ ቁጥር ይህ ጊዜ ይበላል፣ ስሕተትም ያመጣል። ጆንሰን በ1965 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ሌላ መንገድ አሳየ፦ ምርጫዎቹ ራሳቸው ስክሪኑ ላይ ይውጡ፤ ተቆጣጣሪውም የፈለገውን በጣቱ ይንካ። የሰው አካል ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ጣት ስክሪኑ ላይ ያለውን የመዳብ ሽቦ ሲነካ በሽቦው ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል። መሣሪያው ያንን ለውጥ ለክቶ የትኛው ሽቦ እንደተነካ ያውቃል። ካፓሲቲቭ የሚባለው ዓይነት መነሻው ይህ ነው። ፕላስቲክና ሱፍ ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፉ ስልካችን ክዳኑንና ጓንቱን ከምንም አይቆጥራቸውም።

ሁለተኛው መንገድ የተገኘው ደግሞ በአሜሪካ፣ ፍጹም ከሌላ ችግር ነው። ሳም ኸርስት የተባለ የፊዚክስ ሊቅ ከኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ፈቃድ ወስዶ በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። በ1970 ገደማ ጠረጴዛው ላይ የምርምር ውጤት የተመዘገበባቸው የግራፍ ወረቀቶች ተቆልለው ነበር። እያንዳንዱን ነጥብ በዓይን እያነበቡ ወደ ቁጥር መለወጥ የወራት ሥራ ነው። ኸርስት ከግራፉ ሥር ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ወረቀት ቢነጠፍና ነጥቡን በመርፌ ቢነኩት፣ በዚያ ቦታ ያለውን ቮልቴጅ በመለካት ብቻ የነጥቡ አግድምና ቁመት ሊታወቅ እንደሚችል ተገነዘበ። በ1971 ኤሎግራፊክስ የተባለ ኩባንያ አቋቋመ። የመጀመሪያው መሣሪያው ብርሃን የማያሳልፍ ስለነበር ስክሪን ላይ ሊለጠፍ አይችልም ነበር፤ ብርሃን የሚያሳልፈው የመጣው ከዓመታት ሥራ በኋላ ነው።

ከዚህ ሥራ የመጣው ዓይነት ሬዚስቲቭ ይባላል። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉ፤ በመካከላቸው ያሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ያራርቋቸዋል። የላይኛው ሲጫኑት ጎብጦ የታችኛውን ይነካል፤ የተነካካበት ቦታም ይለካል። እዚህ ላይ ዋናው ነገር ግፊቱ እንጂ የሚጫነው ነገር ምንነት አይደለም። የሱፐርማርኬቱ ማሽን በጓንትም በጥፍርም የሚታዘዘው ለዚህ ነው።

በ1972 ሌሎች ሁለት ቦታዎችም ሥራ ላይ ነበሩ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ፕላቶ 4 የተባለ የኮምፒውተር ማስተማሪያ ተማሪው መልሱን ስክሪኑ ላይ በመንካት እንዲሰጥ ያደርግ ነበር። ከስክሪኑ ፊት ለፊት 16 በ16 ሆኖ የሚተላለፍ የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን አለ፤ ጣት ሲገባ ብርሃኑ ይቋረጣል፣ ቦታውም ይታወቃል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምናያቸው ትልልቅ የንክኪ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ በዚሁ ዘዴ ይሠራሉ።

በጄኔቫ ደግሞ የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል፣ ሰርን፣ 7 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለው አዲስ የቅንጣት ማፋጠኛ እየገነባ ነበር። በቀድሞው አሠራር ቢሄዱ የመቆጣጠሪያው ክፍል በሺዎች በሚቆጠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች ይሞላ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ፍራንክ ቤክ ጥያቄውን ለዴንማርካዊው መሐንዲስ ቤንት ስቱምፕ አቀረበ። ስቱምፕ መጋቢት 1972 በእጅ ጽሑፍ ሐሳቡን መለሰ፦ መስታወት ላይ ስፋታቸው 80 ማይክሮ ሜትር፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያነሰ የመዳብ መስመሮች ይሠሩ፤ ዓይን አያያቸውም፣ ጣትን ግን ይለያሉ። ስክሪኑ 16 ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ነገር ግን አንዱ ሲነካ ሌሎቹ ጠፍተው ለዚያ ሥራ የሚያስፈልጉት በቦታቸው ይመጣሉ። ማፋጠኛው በ1976 ሥራ ሲጀምር በእነዚህ ስክሪኖች ይታዘዝ ነበር። በቴሌብር ገንዘብ ስንልክ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የምናልፍበት አካሄድም መሠረቱ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ወደ ኪስ መግባት ጀመረ። በ1994 አይቢኤም ሳይመን የተባለው ስልክ ለገበያ ቀረበ፤ ቁልፎቹ በስክሪኑ ላይ ነበሩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ በደላዌር ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዌይን ዌስተርማን፣ በኪቦርድ ብዛት እጁ ስለታመመ፣ ብዙ ጣቶችን በአንድ ጊዜ የሚለይ ገጽ ላይ ሠራ። ከመምህሩ ጆን ኢላያስ ጋር ፊንገርወርክስን መሠረቱ፤ አፕል ኩባንያውን በ2005 ገዛው። ጥር 2007 አይፎን ከተዋወቀ ወዲህ ፎቶን በሁለት ጣት ማስፋት የብዙ ሰው ልማድ ሆነ።

በ2012 ታሪኩ ወደ እኛ አገር መጣ። አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ታብሌቶችን ከነካርቶናቸው ለልጆች አስቀምጦ ሄደ። አስተማሪ አልነበረም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገረው፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ታብሌቱን አበራው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ነበር፤ በአምስት ወር ደግሞ የተዘጋውን ካሜራ ለመክፈት የታብሌቱን ሶፍትዌር ጥሰው ገቡ። ጆንሰን ለሠለጠኑ ተቆጣጣሪዎች ያሰበው መሣሪያ ፊደል ላልቆጠረ ልጅም የሚከፈት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ የማገኘው ትምህርት አንድ ነው። አብዛኛው የተወለደው አንድ ሰው የአንድን ሠራተኛ ድካም ቀርቦ ስላየ ነው። ስለዚህ ስክሪን የሚገዛ መሥሪያ ቤት መጀመሪያ የሚነካውን እጅ ይይ፤ ጓንት የሚያጠልቅ ከሆነ ሬዚስቲቭ ወይም ኢንፍራሬድ ይሻለዋል፣ ፈጣንና ጥርት ያለ ምስል ከፈለገ ካፓሲቲቭ። ለመተግበሪያ ሠሪዎቻችን ደግሞ አደራዬ ይህ ነው፦ የወንጪና የወለንጪቲ ልጆች መስታወቱን ለመክፈት አስተማሪ አላስፈለጋቸውም፤ በውስጡ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን እንዲያገኙ ማድረግ ግን የእናንተ ሥራ ነው።