የቲምን ለመንከባከብ ቅን ልብ ብቻ ይበቃልን? ስለ ሶሻል ወርክ ትምህርት ለፎገራ ወጣቶች



የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በወረታና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ወላጆች የሚጠይቁት ስለ ጤና፣ ስለ ኢንጂነሪንግ፣ ስለ ሕግና ስለ አካውንቲንግ ነው። ሶሻል ወርክን (ማኅበራዊ ሥራን) የሚያነሳ ጥቂት ነው። የሚያነሳውም ብዙ ጊዜ ዱቄትና ዘይት የማከፋፈል ሥራ ይመስለዋል። ሙያው ግን ከዚህ በጣም የሰፋ ነው፤ ለእኛ ለሙስሊሞች ደግሞ ከዲናችን አደራ ጋር በቀጥታ ይገናኛል።

ሥራው ምንድን ነው?

አባታቸው የሞተባቸውን ሦስት ልጆች እናስብ። አጎት ወደ ቤቱ ይወስዳቸዋል። ይህ አላህ የሚወደው፣ በአካባቢያችንም የቆየ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ጥያቄዎች ይከተላሉ። የአባታቸው የሩዝ መሬት በማን ስም ይያዛል? ምርቱስ ለማን ይውላል? ታላቅየዋ ልጅ ትማራለች ወይስ የቤት ሥራ ብቻ ይጠብቃታል? 18 ዓመት ሳይሞላት ለጋብቻ ብትጠየቅ ማን እምቢ ይልላታል? ጎረቤት ያያል፤ «በሰው ቤት ምን አገባኝ» ብሎ ዝም ይላል።

የሠለጠነ ባለሙያ እዚህ ላይ ይገባል። ቤቱን ይጎበኛል፣ ልጆቹን ለብቻቸው ያዳምጣል፣ የአጎትየውንም አቅምና ችግር ይረዳል። ከቤተሰቡ ጋር እቅድ ያወጣል፤ ከትምህርት ቤት፣ ከጤና ጣቢያ፣ ከቀበሌ፣ ሲያስፈልግም ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ያገናኛቸዋል። ከዚያም ተመልሶ ይከታተላል። የሰማውን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ለሚመለከተው አካል ማሳወቅም እንዲሁ።

በፎገራ ለምን ያስፈልጋል?

የሩዝ አጨዳ ሲደርስ የልጆች ጉልበት ይፈለጋል፤ ክፍሉም ይሳሳል። ርብና ጉማራ ክረምት ላይ ሲሞሉ ከቤታቸው የሚፈናቀሉ አሉ። ወረታ ደግሞ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደርና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስዱ መንገዶች የሚለያዩባት ከተማ ናት፤ ከቤት የወጣ ልጅ መኪና ለማግኘት አይቸገርም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰው ግጭትም ብዙ ልጆችን ከትምህርት ገበታ አርቋል።

ዲናችን ምን ይላል?

የሱረቱ አን-ኒሳእ መጀመሪያ አንቀጾች የየቲምን ገንዘብ ከራስ ገንዘብ ጋር ቀላቅሎ መብላትን ይከለክላሉ፤ ለአቅመ ማስተዳደር ሲደርስም በምስክር እንዲረከብ ያዛሉ። ሱረቱ አል-አሕዛብ ደግሞ በማደጎ የያዝነውን ልጅ በወላጅ አባቱ ስም እንድንጠራ ያስተምራል። ከፋላ የምንለው የእስልምና የልጅ አያያዝ ሥርዓት በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 20 ላይ በስሙ ተጠቅሷል። ኢትዮጵያ በ2010 ልጆችን በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር መላክን በሕግ ስለከለከለች፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን እዚሁ የማሳደግ ኃላፊነት ይበልጥ በእኛ ላይ ወድቋል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 34 በተከራካሪዎች ፈቃድ የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሐዷናንና ዊላያን ከአገሪቱ ሕግና ከልጆች ሥነ ልቦና ጋር አገናኝቶ የሚያስረዳ ሙስሊም ባለሙያ ለቃዲውም፣ ለቤተሰቡም፣ ለመንግሥት ቢሮም ይጠቅማል።

የት ይማሩታል?

ትምህርቱ በአገራችን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን በደርግ ዘመን ተቋርጦ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በማስተርስ ደረጃ እንደገና ተከፍቷል። ለፎገራ ተማሪ ቅርብ የሆኑት የጎንደርና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ተማሪው የሰው ልጅ እድገትን፣ የቤተሰብ ሕግን፣ የምክር አገልግሎትንና ምርምርን ይማራል፤ በተቋማት ውስጥም የመስክ ልምምድ ያደርጋል። ሲመረቅ በወረዳ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በፍርድ ቤት ወይም በእርዳታ ድርጅት ሊቀጠር ይችላል። ደመወዙ ሀብታም አያደርግም፤ የሚሰማው ነገርም ልብ ያደክማል። ይህን አውቆ መግባት ይሻላል።

በተለይ እህቶቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው። ለወንድ የማይነገር የቤት ውስጥ በደል ለሴት ባለሙያ ይነገራል።

ጀመዓው ምን ያድርግ?

እያንዳንዱ መስጂድ በአካባቢው ያሉትን የቲሞች ስም፣ የልደት ምስክር ወረቀታቸውንና የአባታቸውን የመሬት ይዞታ መዝግቦ ይያዝ። በየዓመቱም ሁለት ተማሪዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ይህን ትምህርት እንዲማሩ በሰደቃ ያግዝ። ዒድ ሲደርስ ልብስ ማልበስ አጅር አለው፤ የየቲሙን መሬትና ትምህርት ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ማሠልጠን ግን ቀጣይነት ያለው ሰደቃ ነው።

አላህ የየቲሞችን አደራ ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።