የባዝራ አመል፦ ከብርሃን እስከ ጨጓራ

ከእንጅባራ እስከ አፉላ ፈረስ ያው ፈረስ ነው፤ የቀኑ ርዝመት ግን ያው አይደለም። በኢትዮጵያ ደጋ በምትገኘው እንጅባራ የዓመቱ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በ1 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በሰሜን እስራኤል በምትገኘው አፉላ ግን በታኅሣሥ አጋማሽ 10 ሰዓት ያህል ብቻ የሚቆየው ቀን በሰኔ አጋማሽ ከ14 ሰዓት ያልፋል። ባዝራ ዓመቱን የምትቆጥረው በዚህ ነው። ሌሊቱ ሲረዝም አንጎሏ ውስጥ ካለች ትንሽ ዕጢ የሚመነጨው ሜላቶኒን ይበዛና የመራቢያ አካሏን ያሳርፈዋል፤ ቀኑ ሲረዝም ሜላቶኒኑ ይቀንስና ያረፈው ሁሉ ይነቃል። እዚህ ላይ ነው ከኢትዮጵያ ደጋ የመጣ የፈረስ ዕውቀት አፉላ ሲደርስ ማሻሻያ የሚያስፈልገው።

አፉላ በኢይዝራኤል ሸለቆ መካከል እ.ኤ.አ. በ1925 የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሸለቆው ግን ከከተማዋ እጅግ ቀድሞ የፈረስ አገር ነበር። ከአፉላ ወደ ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ባለው መጊዶ፣ ቆፋሪዎች ባለፈው ክፍለ ዘመን በድንጋይ ምሰሶና በድንጋይ ገንዳ የተከፋፈሉ ረጃጅም ቤቶች አግኝተው የሰሎሞን የፈረስ ጋጣ ብለዋቸዋል፤ የሰሎሞን ናቸው ወይስ ከእሱ በኋላ የተነሡ ነገሥታት፣ ጋጣ ናቸው ወይስ መጋዘን የሚለው ክርክር እስካሁን አልተዘጋም። እ.ኤ.አ. መስከረም 20 ቀን 1918 ደግሞ አፉላን ከኦቶማን ጦር የወሰዳት የእንግሊዝ ፈረሰኛ ጦር ነበር። ዛሬ በዙሪያዋ ባሉ የእርሻ መንደሮች ያሉት ፈረሶች ለግልቢያ ትምህርት፣ ለውድድር፣ ለመዝናኛም የሚያዙ ናቸው። በእስራኤል ግልቢያ ለአካል ጉዳተኞችና ልዩ ድጋፍ ለሚሹ ሕፃናት ሕክምናም በሰፊው ያገለግላል። ሕፃን የተቀመጠባት ባዝራ አመል ስታወጣ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

አፉላ ውስጥ ብዙ ቤተ እስራኤል ይኖራሉ፤ ከእነሱም መካከል በጎንደር ገጠር ከብት ጠብቀው ያደጉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ፈረስ ብርቃቸው አይደለም። ነገር ግን የእኛ የፈረስ ዝና ሁሉ የወንዱ ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ነጋ ብለን ጀግናውን በፈረሱ ስም ስንጠራ የምናስበው ድንጉላውን ነው። ባዝራ ለመውለድ፣ በተለይም ከአህያ ተዳቅላ በቅሎ ለማስገኘት በሜዳ ትያዛለች እንጂ በየቀኑ ኮርቻ አይጫንባትም። ከሌሎች ጋር እየጋጠች ስለምትውል አመሏ የሚያስቸግረው ሰው ጥቂት ነው። በሳምንት አምስት ቀን የምትጋለብ፣ የቀረውን ጊዜ በጋጣ የምትቆም ባዝራ ግን ሌላ ጉዳይ ናት።

ባዝራ ድንጉላ የምትፈልግበትን ጊዜ የከብት ሐኪሞቻችን ድራት ይሉታል። ዑደቱ በአማካይ 21 ቀን ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ5 እስከ 7 ቀን ድራት ላይ ትሆናለች፤ ጭራዋን ታነሣለች፣ የኋላ እግሯን ከፈት አድርጋ ጎንበስ ትላለች፣ ጥቂት ጥቂት ሽንት ትረጫለች፣ ከሰው ይልቅ ከአጥር ማዶ ያለው ፈረስ ይስባታል። በዚህ ጊዜ የሚገዛት ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው። ድራቱ ሊያበቃ አንድ ወይም ሁለት ቀን ሲቀረው እንቁላሉ ይወጣል፤ እንቁላሉ በወጣበት ስፍራም ፕሮጄስትሮን የሚያመነጭ እብጠት ይፈጠራል። እሱ ለሁለት ሳምንት ያህል ፍላጎቷን ይዘጋዋል። ካላረገዘች እብጠቱ ይሟሽሻል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነጥብ እዚህ አለች። ሰው ሁሉ «ድራት ላይ ስለሆነች ነው የምትራገጠው» ይላል። ድራት ላይ ያለች ባዝራ ግን ሐሳቧ ይበተናል፣ ትዘገያለች፣ ትጣራለች እንጂ ድንጉላ ሲቀርባት ጸጥ ብላ የምትቆመው እሷ ናት። ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ የምትነክሰውና በርግጫ የምትመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ድራቷ ያለፈው ናት። ስለዚህ ርግጫን ያየ ሁሉ ሆርሞን ብሎ ቢፈርድ ፍርዱ ከመነሻው ተገልብጧል።

የአፉላው የብርሃን ነገር የሚከብደው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። በብርዱ ወራት ያረፈው አካል በአንድ ቀን አይነቃም። እንቁላል የያዙ ከረጢቶች ያድጋሉ፣ ኤስትሮጅን ይፈስሳል፤ እንቁላል ግን ሳይወጣ ይቀራል። ፕሮጄስትሮን ስለሌለ የሚዘጋው የለም፤ ድራቱ ለሳምንታት ይጎተታል፣ ይቋረጣል፣ ይመለሳል። ባለቤቱ «ይህች ፈረስ አበደች» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ወቅት ነው። የመጀመሪያው እንቁላል ሲወጣ ሥርዓት ትይዛለችና የዚያን ሰሞን መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ቸኩለው ማስረገዝ የሚፈልጉ አርቢዎች ከኅዳር መጨረሻ ጀምረው ጋጣው ውስጥ መብራት እየጨመሩ ቀኑን ወደ 16 ሰዓት ያስረዝሙባታል፤ ከሁለት ወር በላይ ሲቆይ ዑደቷ ቀድሞ ይጀምራል። በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን የቀኑ ርዝመት እምብዛም ስለማይለወጥ የብርሃን ጉልበት ይቀንሳል።

እንግዲህ አመል ያወጣች ባዝራ ያለችው ሰው ከሐኪም በፊት የሚያስፈልገው ደብተር ነው። የተነከሰበትን ቀን፣ ጭራዋን ያነሣችበትን ቀን፣ አልሄድም ያለችበትን ቀን፣ የበላችውንና የተጋለበችበትን ሰዓት እየመዘገበ ሁለትና ሦስት ወር ይቆይ። ክፉው ቀን በየሦስት ሳምንቱ እየተመላለሰ ከመጣ ሆርሞን ይጠረጠራል። ሐኪሙም በአልትራሳውንድ እንቁላል አመንጪውን አካል (ኦቫሪውን) አይቶ፣ ደሟ ውስጥ ያለውን ፕሮጄስትሮን ለክቶ ከደብተሩ ጋር ያስተያየዋል። በታኅሣሥም በሐምሌም አንድ ዓይነት ከሆነች ግን፣ በተለይ ታኅሣሥ የዕረፍት ወቅቷ ነውና፣ ሆርሞኑን ትቶ ሕመም መፈለግ ነው። እኔ በበኩሌ ሕመሙን መጀመሪያ መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሆርሞን ማሳበቢያ ለመሆን ይመቻል፣ ኮርቻ ከመለወጥም ይረክሳል።

ዋናው ተጠርጣሪ ጨጓራ ነው። የፈረስ ጨጓራ እንደ ሰው በአብዛኛው ምግብ ሲመጣ ሳይሆን ቀንም ሌትም አሲድ ያመነጫል፤ የተፈጠረው በቀን 16 ሰዓት ያህል ሲግጥ ለሚውል እንስሳ ነውና። ስትግጥና ስታኝክ የምትውጠው ምራቅ አሲዱን ያበርደዋል። በጠዋትና በማታ ብቻ ገብስ ወይም አጃ በባልዲ የሚቀርብላት ባዝራ ግን መካከሉን በባዶ ሆድ ታሳልፋለች። የጨጓራዋ የላይኛው ክፍል መከላከያ ሽፋን የለውም፤ በባዶ ሆዷ በሶምሶማና በግልቢያ ስትናጥ አሲዱ እዚያ ይረጫል። በሩጫ ፈረሶች ላይ የተደረጉ ምርመራዎች ከአሥሩ እስከ ዘጠኙ ቁስለት እንዳለባቸው ያሳዩበት ጊዜ አለ። ምልክቱ ምንድን ነው? የኮርቻው ጠፍር ሲጠብቅ ትነክሳለች፣ ሆዷን ሲነኳት ትቆጣለች፣ ጥርሷን ታፋጫለች፣ ወደ ፊት አልሄድም ትላለች። ይህ ሁሉ «የሴት አመል» ተብሎ ያልፋል። የሚረጋገጠው በአፍንጫ በሚገባ ረጅም ካሜራ ሲሆን፣ ሕክምናው ኦሜፕራዞል ለሳምንታት መስጠት ነው። አመጋገቡ ካልተለወጠ ግን ቁስለቱ ይመለሳል። እዚህ አገር ሻሓት የሚሉት ድርቆሽ ከፊቷ ሳይጠፋ ቢውል፣ ከግልቢያ በፊትም ጥቂት አልፋልፋ ብትበላ ዋጋው ከመድኃኒቱ በብዙ ያንሳል።

ከጨጓራ ቀጥሎ ጀርባ፣ ጥርስ፣ ኮቴና ኮርቻ ይመጣሉ። ሱ ዳይሰን የተባሉ እንግሊዛዊት የፈረስ ሐኪም የምትጋለብ ፈረስ ሕመሟን የምትገልጽባቸውን 24 ምልክቶች ዘርዝረዋል፤ ጆሮ ማጠፍ፣ ጭራ ደጋግሞ መወንጨፍ፣ አፍ መክፈት፣ መደናቀፍና የመሳሰሉት ናቸው። በአንድ ግልቢያ ስምንትና ከዚያ በላይ ከታዩ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም ሊኖር እንደሚችል ያመለክታሉ። ኮርቻ በመጋዘን ውስጥ ስላለ ብቻ ለሁሉም ፈረስ አይሆንም። ባዝራ ክረምትና በጋ ስትከሳና ስትሰባ የጀርባዋ ቅርጽ ይለወጣል፤ አምና የገጠመ ዘንድሮ ይቆረቁራል።

ጭንቀቱስ? አፉላ ላይ ምክንያቱ አይጠፋም። በዚያው ሸለቆ ከራማት ዳዊት የጦር ሰፈር ጄቶች ይነሣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ጦርነት ከሊባኖስ የተተኮሰ ሮኬት አፉላ አካባቢ ወድቋል፤ በቅርቡም ሸለቆው የማስጠንቀቂያ ጩኸት አልተለየውም። ይሁን እንጂ ፈረስ ጉዳት የማያስከትል ድምፅን ቀስ በቀስ ትለምዳለች። የማትለምደው ብቸኝነትን ነው። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ናት፤ ጓደኛዋ ከጎኗ ሲወሰድ፣ ቀኑን ሙሉ በአራት ግድግዳ መካከል ስትቆም ሰውነቷ የጭንቀት ሆርሞን ያመነጫል። አንዳንዷ እንጨት ትነክሳለች፣ አንዳንዷ ግራና ቀኝ ትወዛወዛለች፣ ሌላዋ ጋጣውን ስትዞር ታድራለች። ረጅም ጭንቀት ዑደቱንም ሊያዛባ ስለሚችል ሁለቱ ጉዳዮች ተጠላልፈው ይገኛሉ። ሜዳ ላይ ከምትስማማው ጓደኛ ጋር መዋል፣ ቢያንስ ሌላ ፈረስ የምታይበትና የምትነካበት ጋጣ ማግኘት፣ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መመገብ፤ አሰልቺ ምክር ይመስላል፣ ነገር ግን ከሁሉም በላይ የሚሠራው እሱ ነው። አለንጋ ግን ፍርሃት ላይ ሕመም ይጨምራል። የተሻለው ዘዴ ትንሽ ጠይቆ፣ እሺ ስትል ልጓሙንና እግርን ወዲያው ማላላት ነው፤ ፈረስ የምትማረው ግፊቱ ከቀለለባት ቅጽበት ነውና። ድራቷ በበረታ ቀን ከባድ ሥራ ትቶ በእግር ጉዞ መመለስ ሽንፈት አይደለም።

ሕመምም ጭንቀትም ተጣርቶ ሆርሞን ብቻ ከቀረ መድኃኒት አለ። በብዛት የሚሰጠው አልትሬኖጀስት፣ ፕሮጄስትሮንን የሚመስል ፈሳሽ ነው፤ በየቀኑ ከምግብ ጋር ይሰጣል፣ በሦስት ቀን ገደማም ድራቱን ያስቆማል። መድኃኒቱ ሳይጠቅም ከቀረ ችግሩ ከመጀመሪያውም ድራት እንዳልነበረ አንድ ማስረጃ ነው። ጥንቃቄው ከበድ ያለ ነው፤ በሰው ቆዳ በኩል ይገባል፣ የሴቶችን የወር አበባ ያዛባል፤ ነፍሰ ጡር ሴት ጨርሶ አትንካው፣ ሌላውም ጓንት ያድርግ። ድሮ በማሕፀኗ ውስጥ የመስታወት ብይ ያስገቡ ነበር። ከግማሽ በታች በሆኑት ላይ ብቻ ስለሠራ፣ አንዳንዱም ውስጥ ስለተሰበረ፣ ሐኪሞች አሁን አይመክሩትም።

አልፎ አልፎ ነገሩ ከዚህ ይከብዳል። ባዝራዋ እንደ ድንጉላ አንገቷን አደንድና ሌሎች ባዝሮችን ማሳደድ ከጀመረች ኦቫሪዋ ላይ ዕጢ ሊኖር ይችላል። አንደኛው ኦቫሪ ያብጣል፣ ሌላኛው ይኮማተራል፤ የአንቲ ሙለሪያን ሆርሞን የደም ምርመራም ይገልጠዋል። እንዲህ ላለው ምርመራና ቀዶ ሕክምና በቤት ዳጋን የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። የታመመው ከወጣ በኋላ የቀረው ኦቫሪ ከወራት በኋላ ሥራውን ይቀጥላል። ጤነኛ ሆነው ሳሉ ሁለቱንም ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። ፍላጎቷን የሚዘጋው ፕሮጄስትሮን አብሮ ስለሚጠፋ፣ ጥቂት ኤስትሮጅንም ከኩላሊት አጠገብ ካሉት ዕጢዎች ስለሚመጣ፣ አንዳንዷ ያለ ወቅቱ ጭራዋን እያነሣች ትቀራለች።

«ትውለድና ትረጋጋለች» የሚለው ምክር ደግሞ እዚህም እዚያም ይሰማል። ባዝራ የምታረግዘው 11 ወር ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ድራት አይኖርም፣ እውነት ነው። ከወለደች ከሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ ግን የመጀመሪያው ድራት ይመለሳል፤ ውርንጭላዋን የምትጠብቅ እናትም በአንድ ሰሞን ከቀድሞዋ ትብሳለች። ለውርንጭላው ቦታ፣ መኖና ገዢ የሌለው ሰው አንድ የነበረውን ችግር ሁለት ያደርገዋል።