ጭረት ቆሻሻ አይደለም

ጉደር ከአምቦ በስተ ምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ያልፍባታል። በአጠገቧ የሚፈሰው የጉደር ወንዝ ቆላውን አቋርጦ ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል። በመንገዱ ላይ የጭነት መኪና፣ ሚኒባስና ባጃጅ ሲመላለስ ይውላል። መኪና ባለበት አቧራ አለ፤ አቧራ ባለበትም ጨርቅ ይዞ የሚወለውል ሰው አይጠፋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚሁ መንገድ ዳር ቆመን ሳለ ጭቅጭቅ ሰማን። ቀረብ ብለን ብናይ የጭቅጭቁ ምክንያት አንድ ሚኒባስ ነው። ባለቤቱ በሬና ጤፍ ሸጠው፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረው የገዙት መኪና ነው። ዕዳው ገና አላለቀም። ረዳቱ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነው። መኪናው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ጠዋት ማታ ይወለውለዋል። ታዲያ ከሾፌሩ ፊት ለፊት የፍጥነትና የነዳጅ መቁጠሪያውን የሚሸፍነው ጥርት ያለ ፕላስቲክ በጭረት ከመሸፈኑ የተነሣ ጉም የለበሰ መስሏል። በዙሪያው ያለው ጥቁር አንጸባራቂ ፕላስቲክም እንዲሁ ሆኗል።

«የዚህን ወር ደመወዝ እንዳትጠይቀኝ!» ይላሉ ባለቤቱ።

«ኦቦ፣ እኔ እኮ አጸዳሁት እንጂ አልጫርኩትም!» ይላል ልጁ።

ባለቤቱ የተናደዱት በከንቱ አይደለም። መኪና ሲሸጥ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ውስጡን ነው። ደግሞም ማታ ፀሐይ ከፊት ስትመታ ሾፌሩ ቁጥሩን ማንበብ አቅቶታል። ልጁም ውሸት አልተናገረም። አጽድቷል። ፕላስቲኩን የጫረው ግን ያው ማጽዳቱ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል? ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ጭረት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ጭረትን እንደ ቆሻሻ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እንዲለቅለት አጥብቆ ይፈትገዋል። በፈተገው ቁጥር ይብስበታል። ምክንያቱም ጭረት በዕቃው ላይ የተጨመረ ነገር ሳይሆን ከዕቃው ላይ የጎደለ ነገር ነው።

ጭረት ትልም ነው። ማረሻ መሬቱን ሰንጥቆ ሲያልፍ አፈሩ ግራና ቀኝ ይወጣል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። በፕላስቲክ ላይ የሚሆነውም ይኸው ነው። ልዩነቱ የፕላስቲኩ ትልም ከፀጉር የቀጠነ መሆኑ ነው።

«እንዲህ የቀጠነ ነገር ታዲያ እንዴት በዓይን ይታያል?» ትሉ ይሆናል። ወደ ወንዙ እንውረድ። ውሃው ጸጥ ብሎ በተኛበት ቦታ ጎንበስ ብትሉ ፊታችሁን ታያላችሁ። ነፋስ መጥቶ ውሃውን ሲያንቀጠቅጠው ግን ፊታችሁ ይጠፋል። ውሃው ያው ውሃ ነው፤ የተለወጠው ገጹ ነው። ብርሃን ለስላሳ ገጽ ላይ ሲያርፍ ተሰብስቦ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለሳል። ይህ ነው ማንጸባረቅ የሚባለው። ገጹ ትልም በትልም ሲሆን ግን ብርሃኑ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። የተበተነው ብርሃን ለዓይናችን ነጣ ብሎ ይታየዋል። በጥቁር ፕላስቲክ ላይ ጭረት ጎልቶ የሚታየውም ስለዚህ ነው፤ ጠመኔ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እንደሚታይ ማለት ነው።

ጫሪው ማን ነው?

አንድ ነገር ሌላውን ሊጭር የሚችለው ከዚያ ነገር የጠነከረ ሲሆን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ፍሬድሪክ ሞስ የተባለ ጀርመናዊ የማዕድን ሊቅ ይህንን መሠረት አድርጎ ማዕድናትን ከ1 እስከ 10 በደረጃ አስቀመጠ። ከሁሉ የለሰለሰው 1፣ ከሁሉ የጠነከረው አልማዝ 10 ሆነ። በዚህ ልክ የሰው ጥፍር 2 ተኩል ያህል ነው። የመስኮት መስተዋት 5 ተኩል ያህል ይሆናል። በአሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ግን 7 ነው። በመኪና ውስጥ ያለው ፕላስቲክ ከታች፣ ከጥፍር ብዙ የማይርቅ ነው።

የመንገድ አቧራ ለዓይን ዱቄት ይመስላል እንጂ በውስጡ እንዲህ ያለ የአሸዋ ቅንጣት አለበት። መስተዋትን የሚጭር ነገር ፕላስቲክን አይምርም። ልጁ በደረቅ ጨርቅ ሲወለውል ቅንጣቶቹ በጨርቁና በፕላስቲኩ መካከል ገቡ። ጨርቁ ሞፈር፣ የአሸዋው ቅንጣት ማረሻ፣ የልጁ ክንድ ደግሞ በሬ ሆነ ማለት ነው። አጥብቆ በተጫነ ቁጥር ትልሙ ጠለቀ። ትጋቱ ነው የጎዳው።

ጭረት እንዴት ይለቃል?

ከትልም የወጣ አፈር ይመለሳል፤ ከፕላስቲክ ላይ ተፍቆ የወጣ ግን አይመለስም። ስለዚህ ያለው ዘዴ አንድ ብቻ ነው። ይኸውም በዙሪያው ያለውን ከፍታ በጣም በቀስታ ዝቅ አድርጎ ከጭረቱ ወለል ጋር ማስተካከል ነው። ጭረትን ማስለቀቅ ማለት በዘዴ መፋቅ ማለት ነው። የቀንድ ዋንጫ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ቀንዱን ይፍቃል፤ ቀጥሎ በለዘበ ነገር ይፈትገዋል፤ በመጨረሻ በጨርቅ ይወለውለዋል። ይህም ያው ሥራ ነው።

ባለቤቱን ለመንንና ከልጁ ጋር ሥራውን ጀመርን። የሠራነውም በሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

አንደኛ፣ አቧራውን እፍ ብለን አራገፍን። ከዚያም ፈሳሽ ሳሙና በለብ ባለ ውሃ በጥብጠን ለስላሳ ጨርቅ ነከርንና ጨምቀን ሳንጫን አጠብን። የዱቄት ሳሙና የሚጠቀም ሰው ፈጽሞ እስኪሟሟ መጠበቅ አለበት፤ ያልሟሟ እንክብሉ ራሱ ይጭራል። ውሃውም ወደ መቁጠሪያው ውስጥና ወደ ኤሌክትሪኩ እንዳይፈስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ጭረቱን በጥፍር መረመርን። ጥፍር በጭረቱ ላይ ሳይደናቀፍ ካለፈ ጭረቱ የላይ ነው፤ ሊለቅ ይችላል። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው። በልጁ ሚኒባስ ላይ አብዛኛው የላይ ነበር። አንዱ ብቻ ጥፍር ያዘ።

ሦስተኛ፣ በማይታይ ጠርዝ ላይ ሞከርን። አንዳንዱ ፕላስቲክ እስከ ውስጡ አንድ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ግን በላዩ ስስ ቀለም ወይም ስስ ሽፋን አለው። ሽፋኑ ከተፋቀ አይመለስም። በሙከራው ሌላ ቀለም ብቅ ካለ ወይም ገጹ ከደበዘዘ ወዲያው መተው ነው።

አራተኛ፣ ነጭ የጥርስ ሳሙና ወሰድን። ነጩን ያልነው ውሃ የሚመስለው ጥርት ያለው ዓይነት ለዚህ ሥራ ስለማይመች ነው። የጥርስ ሳሙና ውስጥ በጣም የላመ ዱቄት አለ። በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ካልሲየም ካርቦኔት የተባለው ነገር ነው። ጥንካሬው በሞስ ልክ 3 ያህል ስለ ሆነ ፕላስቲኩን እንደ አሸዋ ሳይተለትል በቀስታ ይፍቀዋል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ የፕላስቲክ ማለስለሻ ከተገኘ ግን እሱ ይመረጣል። ከአተር ፍሬ የማይበልጥ የጥርስ ሳሙና ካረጀ ነጠላ በተቀደደ እርጥብ ቁራጭ ላይ አደረግን። ጥለቱ ሻካራ ስለ ሆነ ቆርጠን ጣልነው። ከዚያም ትንንሽ ክብ እየሠራን፣ ሳንጫን፣ ሁለት ደቂቃ ያህል ፈተግን።

አምስተኛ፣ በሌላ ንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠርገን አየን። ከዚያም ደገምን። ሦስት ጊዜ ከደገምን በኋላ ጉሙ ተገፈፈ። ቁጥሮቹ ታዩ። ባለቤቱ ዝም ብለው ጣታቸውን በፕላስቲኩ ላይ አሳለፉ።

ጥፍር የያዘው ጭረት ግን አልለቀቀም። እንዲህ ያለውን የሚያስለቅቁ ባለሙያዎች በውሃ የራሰ፣ እጅግ የላመ የብርጭቆ ወረቀት ይጠቀማሉ። በወረቀቱ ጀርባ ያለው ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ወረቀቱ የላመ ነው። በ1500 ይጀምራሉ፤ በ2000 ይቀጥላሉ፤ በ3000 ይጨርሳሉ፤ ከዚያ በማለስለሻ ይወለውሉታል። ይህ የለመደ እጅ ሥራ ነው። ያለ ልምድ ከሚሞክሩት አንዱን ጭረት ችሎ መኖር ይሻላል።

ምን ማድረግ አይገባም?

በቤንዚን፣ በቲነር ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ መጥረግ አይገባም። በዛሬው ጊዜ አብዛኛው ፕላስቲክ የሚሠራው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። እንዲህ ያሉ ፈሳሾች ብዙ የፕላስቲክ ዓይነቶችን ያቀልጣሉ፣ ያደበዝዛሉ ወይም ይሰነጥቃሉ። ዘመድ ከዘመዱ ጋር ቶሎ ይቀላቀላል።

ዘይት ወይም ቫዝሊን መቀባትም መፍትሔ አይደለም። መጀመሪያ የዳነ ይመስላል፤ ቅባቱ ትልሙን ሞልቶ ገጹን ስለሚያስተካክል ብርሃኑ አይበተንም። ነገር ግን ቅባት አቧራ ይይዛል። በማግሥቱ የባሰ ይጫራል። መሪና ፍሬን መርገጫ ላይ የተቀባ እንደ ሆነ ደግሞ ያንሸራትታል፤ ሕይወት ያጠፋል።

በእሳት ወይም በጋለ ነገር ማለስለስም አይቻልም። ፕላስቲኩ ይጣመማል እንጂ አይስተካከልም። አመድና አሸዋ ለብረት ድስት እንጂ ለፕላስቲክ አይሆኑም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ መኪናዎች በርክተዋል። ከእነዚህ ውስጥ የብዙዎቹ ውስጥ ጥቁር አንጸባራቂ ፕላስቲክና በጣት የሚነካ ሰሌዳ አለበት። የሚነካው ሰሌዳ ስስ ሽፋን ስላለው በጥርስ ሳሙና ፈጽሞ መፈተግ የለበትም። ለእሱ እርጥበት ያለው ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል።

መኪና የሌለውስ?

«እኛ መኪና የለን፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል አይጠፋም። በዕድሜ ከገፉት አንባቢዎች ብዙዎቹ ፊደል የሚያዩት በመነጽር ነው። የዛሬ መነጽር በአብዛኛው መስተዋት ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ከእርሻ ተመልሶ በአቧራማ ጋቢ ጫፍ መነጽርን መወልወል የተለመደ ነው። ይህም ሞፈርና ማረሻውን በዓይን ፊት መጥመድ ነው። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ፊደሉ ይደበዝዛል። ሰውየው «ዓይኔ ደከመ» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። የደከመው ግን መነጽሩ ሊሆን ይችላል።

መነጽር ደግሞ እንደ መኪናው ፕላስቲክ በጥርስ ሳሙና አይድንም። መነጽሩ የሚያሳየው በቅርጹ ነው፤ ሲፋቅ ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ ለመነጽር መፍትሔው ጥንቃቄ ብቻ ነው። መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አቧራውን ማስለቀቅ፣ ቀጥሎ በጥቂት ሳሙና በጣት ማሸት፣ አለቅልቆ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ማድረቅ ነው። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ያለውም ብርሃን የሚቀበለውን ገጽ እንዲሁ በውሃ እንጂ በደረቅ ጨርቅ አይጥረገው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ከጭረት በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከዕቃው ላይ ጥቂት ጥቂት መፋቅ ነው። ከጭረት በፊት የሚፈለገው ግን አንድ ጣሳ ውሃና ንጹሕ ጨርቅ ብቻ ነው።

ባለቤቱ የልጁን ደመወዝ አልቆረጡም። ከቤታቸው አንድ ያረጀ ነጠላ አምጥተው ለሁለት ቀደዱት። «ይህ ለውስጡ፣ ያ አሮጌው ለጎማው» አሉት። ልጁም ሁለቱን ጨርቆች እንዳይቀላቀሉ በየፌስታሉ አስቀመጠ። ጥልቁ ጭረት አሁንም ከነዳጅ መቁጠሪያው በላይ ይታያል። ልጁ «እሱን ሳይ ውሃ ትዝ ይለኛል» አለን።

ለውይይት

1. ጭረት ቆሻሻ አይደለም ሲባል ምን ማለት ነው?
2. አቧራ ፕላስቲክን ሊጭር የሚችለው ለምንድን ነው?
3. ዘይት የተቀባ ጭረት የዳነ የሚመስለው ለምንድን ነው?
4. በቤታችሁ በደረቅ ጨርቅ የምትጠርጉት የፕላስቲክ ዕቃ ምን ምን አለ? ከዛሬ ጀምሮስ እንዴት ትይዙታላችሁ?