ስሙ ነው ወይስ በሩ?

ፍርድ ቤት ማስረጃ ከመስማቱ በፊት ጭብጥ ይይዛል። ተከራካሪዎቹ የሚለያዩበት ነጥብ በትክክል ካልታወቀ ምስክር መደርደር ጊዜ ማባከን ነው። እኔ የሕግ እንጂ የኮምፒዩተር ምሩቅ አይደለሁም። ይሁንና በኔትወርክ በተሳሰሩ የዩኒክስና የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ይህንኑ ሥርዓት ቢከተሉ ብዙ ድካም ይቀርላቸዋል ባይ ነኝ።

ሠራተኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ሌላ ፎቅ ላይ ወዳለ ኮምፒዩተር መግባት ሲያቅተው «ኔትወርክ የለም» ይላል። ይህ አቤቱታ እንጂ ጭብጥ አይደለም። በውስጡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ስሙ ወደ አድራሻ ተለውጧል ወይ? መንገዱ ክፍት ነው ወይ? በሩ ላይ ያለው ጠባቂስ ማንነታችንን ተቀብሏል ወይ?

ከስሙ እንጀምር። ኮምፒዩተሮች የሚገናኙት በቁጥር አድራሻ ነው፤ ስም የወጣላቸው ለእኛ እንዲመች ነው። በቀድሞው የአሜሪካ አርፓኔት የሁሉም ስምና ቁጥር ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ፋይል ይመዘገብ ነበር። መዝገቡ እየበዛ ሲያስቸግር ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲኤንኤስ የተባለውን የስም ማፈላለጊያ ሥርዓት ነደፈ። ሆኖም አሮጌው ዘዴ ፈጽሞ አልጠፋም። እያንዳንዱ ማሽን «ሆስትስ» የተባለ የራሱ መዝገብ አለው፤ አብዛኛውን ጊዜም ዲኤንኤስን ከመጠየቁ በፊት እሱን ያያል። እዚያ የተረሳ አንድ አሮጌ መስመር ካለ፣ ሌላው ሁሉ በሰላም ሲገባ ያ ኮምፒዩተር ብቻ ባዶ ቤት ሲያንኳኳ ይውላል።

ማጣሪያው ቀላል ነው። በስሙ ፈንታ በቁጥሩ ይሞክሩ። በቁጥር ገብቶ በስም እምቢ ካለ ችግሩ የስም ነው፤ ገመድ መንቀልም የይለፍ ቃል መቀየርም አይረባም። «ኤንኤስሉክአፕ» የተባለው ትእዛዝ በቀጥታ ዲኤንኤስን ስለሚጠይቅ የሆስትስን ስህተት አያሳይም። ማሽኑ ራሱ የሚጠቀምበትን ቁጥር የሚያሳየው «ጌትኢኤንቲ» ነው።

ቀጥሎ መልእክቱን ቃል በቃል ያንብቡ። «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» ካለ መልስ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ በአብዛኛው ማሽኑ አለ፣ በቁጥር 22 በር ላይ የሚያስተናግድ ፕሮግራም ግን የለም። «ታይምድ አውት» ካለ ዝምታ ነው፤ ማሽኑ ጠፍቷል፣ መንገዱ ተቋርጧል ወይም ፋየርዎል ጥሪውን ውጦታል። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ካለ ከበር ደርሰናል። የተሳሳተ ማሽን ጋ ካልሄድን በቀር የቀረው የይለፍ ቃሉ ወይም የቁልፉ ጉዳይ ነው።

ማስገባቱን አስገብቶ ብዙ ካስጠበቀዎትስ? ምናልባት ተቀባዩ ማሽን በቁጥርዎ ተነስቶ የማሽንዎን ስም እያፈላለገ ይሆናል። መልስ ካላገኘ በተለመደው አሠራር 5 ሰከንድ ጠብቆ ደግሞ ይጠይቃል። ኦፕንኤስኤስኤች ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2015 ቢተወውም አሮጌ ማሽኖች ላይ ያጋጥማል።

ስምን ማመን ግን ከመዘግየት የከፋ መዘዝ አለው። በ1980ዎቹ የነበሩት «አርሎጊን» እና «አርኤስኤች» የመጪው ማሽን ስም በታማኞች ዝርዝር ውስጥ ካለ ያለ ይለፍ ቃል ያስገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የለቀቀው «ትል» ከተሻገረባቸው ቀዳዳዎች አንዱ ይህ እምነት ነበር። ሞሪስ በ1986 በወጣው የአሜሪካ ሕግ ተከሶ በ3 ዓመት የፈተና ጊዜ፣ በ400 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎትና በ10,050 ዶላር መቀጮ ተቀጣ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1991 ውሳኔውን አጸናው።

እ.ኤ.አ. በ1995 ፊንላንዳዊው ታቱ ይሎነን ኤስኤስኤችን ሠራ። ይህ ፕሮግራም ንግግሩን ከመመስጠሩ በላይ ተቀባዩ ማሽን በራሱ ቁልፍ ማንነቱን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ስለዚህ «የማሽኑ ማንነት ተቀይሯል» ብሎ ሲያስጠነቅቅ እንደ ተራ ብልሽት አይታይ። ማሽኑ እንደ አዲስ ተጭኖ ሊሆን ይችላል፤ መሐል የገባ ሰው ሊኖርም ይችላል። ብዙዎች ግን አሮጌውን መዝገብ ሰርዘው የይለፍ ቃላቸውን ይጽፋሉ። ይህ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ፊርማ ሳያመሳክር ቼክ እንደሚከፍለው ነው። አስቀድመው በሚያውቁት ስልክ ለኃላፊው ይደውሉ፣ የቁልፉን አሻራ ያመሳክሩ፤ መሰረዙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።